ቴን ፕላስ ስሪ

ሲስተር ማርታ ስሟ ሲነበብ መጀመሪያ የመሰላት ሌላ ማርታ ነበረች። ጤና ጣቢያው ከአዲሎ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው። ሠራተኛው በሙሉ ቢሰበሰብ አንድ ክፍል አይሞላም። ሌላ ማርታ እንደሌለች ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ያም ሆኖ ዞር ብላ አየች። ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ነበር።

ስብሰባው የተጠራው ለግምገማ ነው። አጀንዳው እንደ ሁልጊዜው የልማት ሠራዊት ግንባታና ኪራይ ሰብሳቢነትን መታገል ይባል እንጂ፣ ከዱራሜ የመጡት የማስረጃ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ኃይለመለኮት ይዘውት የመጡት ጉዳይ ሌላ ነበር። ያን ሰሞን በየመሥሪያ ቤቱ ሐሰተኛ ዲፕሎማ ይለቀም ነበር። ሐሰተኛውም እውነትም ብዙ ነበር። አንድ ቀን ክፍል ሳይገባ አካውንታንት የሆነ፣ በወንድሙ ማስረጃ የተቀጠረ ሞልቷል። ማርታ ራሷ ወሬውን በሰማች ቁጥር “ደግ አደረጉ” ትል ነበር።

“ወይዘሮ ማርታ” አሉ አቶ ኃይለመለኮት፣ ሲስተር የሚለውን ትተው። “ያቀረቡት የቴን ፕላስ ስሪ የአዋላጅ ነርስ ዲፕሎማ በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ተፈልጎ አልተገኘም። ስለዚህ ሐሰተኛ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ታግደዋል። ጉዳዩ ወደ ሕግ ይመራል።”

ቴን ፕላስ ስሪ በዚያ ዘመን አሥረኛን ጨርሶ ሦስት ዓመት ሙያ የተማረ ሰው ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው። በወረቀት ላይ 10+3 ተብሎ ይጻፋል። በአፍ ግን ገበሬውም ሹሙም ቴን ፕላስ ስሪ ነው የሚለው።

“አልተገኘም ማለት ምን ማለት ነው?” አለች ማርታ።

“የለም ማለት ነው።”

“ሦስት ዓመት ሆሳዕና ተቀምጬ ተምሬያለሁ። ተመርቄያለሁ። እዚህ የተቀመጡት አብረውኝ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ይጠይቋቸው።”

አቶ ኃይለመለኮት ቀና ብለው ሰዉን አዩ። “የሚያውቅ አለ?”

ማንም አልተናገረም። ማርታ ያን ዝምታ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከውስጧ ማውጣት አልቻለችም። ፋርማሲስቱ ጫማውን ያያል። የካርድ ክፍሏ ልጅ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ሚስቱን እሷ ያዋለደችለት ሰው፣ ከስብሰባው ሲወጡ አጠገቧ መጥቶ ፊቷን ሳያይ “የማዋለጃ ክፍሉን ቁልፍ ብታስረክቢኝ” አላት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ተንሸራትቶ መሬት ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሲያነሳ ትታው ወጣች።

ቤት ስትደርስ ባሏ ፍሬው የተማሪዎቹን ደብተር እያረመ ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ከሰው መጋጨት የማይወድ። ቆማ ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“ተረጋጊ እስቲ። ቀስ ብለን እናስብበት።”

“ምኑን ነው የምናስበው?”

“አይ፣ ማለቴ… ያን ጊዜ የተከፈቱት የግል ኮሌጆች አንዳንዶቹ ፈቃድ አልነበራቸውም ይባላል። ምናልባት እናንተም ሳታውቁት…”

“ፍሬው፣ እኔን ነው የምትጠይቀኝ?”

“አልጠየቅኩሽም።”

“ጠየቅከኝ እንጂ።”

ፍሬው ዓይኑን ወደ ደብተሮቹ መለሰ። ማርታ ጓዳ ገብታ ቆመች፤ ለምን እንደገባች ጠፋባት። ከተጋቡ ጀምሮ ለአዳር ተጠርታ ስትሄድ ባትሪ ይዞ እስከ ጤና ጣቢያው በር የሸኛት እሱ ነው። አሁን ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ያልተሳሳተውን የሚያርም ይመስላል። በሰው ፊት ከተባለችው ሁሉ ይልቅ ይሄ አነደዳት።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ መንደሩን አዳርሶ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ሴቶቹ ሰላም አሏት፤ ግን እንደ ሐዘንተኛ ነው ሰላም ያሏት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከሁለት ቀን በኋላ ውቢት መጣች። ውቢት የጎረቤቷ ምራት ናት። የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለችው በማርታ እጅ ነው። ሴት ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው፤ አሁንም ቃላት ይኮላተፍባታል። ውቢት እንደገና አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። ዱካው ላይ እንኳ ሳትደላደል በጠርዙ ተቀመጠች።

“ሲስተር፣ አትቆጭኝ እንጂ።”

“ምን ሆነሽ?”

“ያኔ ልጄ እንደተወለደች ጭኗ ላይ የወጋሻት መርፌ… ምን ነበር?”

“ቫይታሚን ኬ ነው። ደም እንዳይፈሳቸው የተወለደ ሁሉ ይወጋዋል።”

“እሱስ ነው።” ውቢት እጆቿን ሆዷ ላይ አቆላለፈች። “በትክክል ነበር የወጋሻት?”

ማርታ ጮኻ ልታስወጣት ፈለገች። ግን የምትጮኸው በውቢት ላይ አይደለም። የሴትዮዋ ፍርሃት የእውነት ነው። ያዋለደቻትን ሰው ሐሰተኛ ካሏት፣ ልጇ ለምን ዘግይታ አፏን እንደፈታች ራሷን ትጠይቃለች። ማርታ ስለ መርፌው፣ ስለ መጠኑ፣ ልጆች ለምን ሊዘገዩ እንደሚችሉ አስረዳቻት። ውቢት ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ስትወጣ ግን ዓይኗ ላይ የነበረው ነገር ሲገባ እንደነበረው ነው።

በማግስቱ ማርታ ሆሳዕና ገባች።

የኮሌጁ ሬጅስትራር እሷን የሚያስታውሱ ሴት ናቸው። “አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ሐሰተኛ ትባያለሽ?” አሉና ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ። የኮሌጁን ድረ ገጽ ከፍተው ፕሮግራሟንና መለያ ቁጥሯን በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ጻፉ። ማርታ ከነፎቶዋ ብቅ አለች፤ ያኔ ቀጭን ነበረች፣ ጸጉሯ በሹሩባ ወደ ኋላ ተይዟል። የተመረቀችበት ዓመት፣ አዋላጅ ነርስ፣ 10+3፣ ምንም የጎደለ የለም። ሴትዮዋ አትመው፣ ማኅተም መትተው ሰጧት። ማርታ ወረቀቱን ስትቀበል እፎይ አለች። አለቀ መሰላት።

በነጋታው ዱራሜ ስትደርስ አቶ ኃይለመለኮት ቢሯቸው ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ ላፕቶፕ አለ፤ በጎኑ የሲዲኤምኤ ኢንተርኔት መቀበያ ተሰክቷል። ወረቀቱን አይተው መለሱላት።

“ወረቀት ማንም ያትማል። ይሄ ሁሉ ዘመቻ የመጣው ወረቀት እየታመነ አይደል? እኛ የታዘዝነው በድረ ገጹ እንድናጣራ ነው።”

“ድረ ገጹ ላይ አለሁ። ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ።”

“ነይ እንግዲህ።” ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞሩት። ከላይ የተላከላቸውን ሰርኩላር አጠገባቸው ዘርግተው፣ የተጻፈበትን ረጅም አድራሻ ፊደል በፊደል ገለበጡ። መጨረሻው ላይ ሰርኩላሩ እንደሚያዘው ፕሮግራሟን 10+3 ብለው፣ ቁጥሯንም አስከትለው ጻፉና ተጫኑ። ኔትወርኩ ተጎተተ። ከዚያ ነጭ ገጽ ላይ አንድ መስመር መጣ፦ በዚህ ፕሮግራም የተመዘገበ ተማሪ የለም።

“ይኸው።”

“በኮሌጁ ገጽ ላይ ባለው ሳጥን ይፈልጉኝ።”

“ያ ገጽ የምርቃት ፎቶ ተሞልቶ እዚህ አይከፈትም፤ ለዚህ ነው በቀጥታ የሚያስገባውን አድራሻ የላኩልን። በዚሁ አድራሻ የዲግሪዎቹን አጣርቻለሁ፣ ሁሉም ተገኝተዋል። የደረጃ አራቶቹም ተገኝተዋል። አንቺ ለምን ትጠፊያለሽ?”

“እኔም የምጠይቅዎት እሱን ነው።”

አቶ ኃይለመለኮት ወንበራቸው ላይ ተለጠጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ለማርታ ይቀላት ነበር። ፊታቸው ላይ ያለው እርግጠኝነት ነው። “እህቴ፣ እዚያ ሰው ሊኖርሽ ይችላል። ትናንት አስገብተውሽ ዛሬ አውጥተውሽ ይሆናል። ይሄ የተለመደ ነው። እውነቱን ብትነግሪን ይሻልሻል፤ በራሱ ያመነ ቅጣቱ ይቀልለታል።”

ማርታ በመዳፏ ጠረጴዛውን መታች። የሻይ ብርጭቆው ተገልብጦ ሰርኩላሩ ላይ ፈሰሰ። ጥበቃው በሩን ከፍቶ ገባ። አቶ ኃይለመለኮት ወረቀቱን እያራገፉ “አውጣት” አሉ። ከመውጣቷ በፊት ስልኳን አውጥታ የላፕቶፑን ስክሪን ፎቶ አነሳች። ለምን እንዳነሳችው ያን ጊዜ አታውቅም። ለዓይኗ ማስረጃ ፈልጋ ይሆናል።

ያንኑ ቀን ወደ ሆሳዕና ተመለሰች። ሬጅስትራሯ ግራ ቢገባቸው የኮሌጁን ድረ ገጽ ወደ ሠራው ልጅ ላኳት። ነስሩ ይባላል። አባቱ ከጉራጌ መጥተው ሆሳዕና በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የኖሩ ናቸው። እሱ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ፣ መናኸሪያው አካባቢ የኮምፒውተር መሸጫና መጠገኛ ከፍቷል። ማርታ ስልኳን ፊቱ አስቀመጠችለት።

ነስሩ ፎቶውን በጣቶቹ አሰፋው። አድራሻው ላይ ዓይኑ ቆመ።

“ይሄን በእጃቸው ነው የጻፉት?”

“ከሰርኩላር እየገለበጡ።”

አገጩን ያዘ። “አድራሻውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ገጹ አልከፈት አለን፣ አጭር መንገድ ካለ ብለው ከበላይ ቢሯቸው ደወሉ። ምሳሌ ስሰጣቸው የዲግሪ ሰው ነበር የተጠቀምኩት።”

ወደ ራሱ ኮምፒውተር ዞሮ አድራሻውን እንዳለ ጻፈው። ያው ነጭ ገጽ፣ ያው አንድ መስመር መጣ። 

“አየሽ” አለ ነስሩ፣ ጣቱን የመደመር ምልክቱ ላይ አድርጎ፣ “በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ክፍት ቦታ መተው አይቻልም። ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ በክፍት ቦታ ፋንታ የመደመር ምልክት ይጻፋል። የሚቀበለው ማሽን ደግሞ መልሶ ይፈታዋል። መደመር ባየበት ሁሉ ክፍት ቦታ ያደርገዋል። እነሱ አሥር መደመር ሦስት ብለው ላኩ። ማሽኑ አሥር፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ ሦስት ብሎ አነበበ። እንደዚያ የሚባል ፕሮግራም እኛ ጋ የለም። ስለዚህ ተማሪም የለም አለ።”

“ኮሌጁ ግን አገኙኝ።”

“እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው የጻፉት። ሳጥን ውስጥ ሲጻፍ ብራውዘሩ ራሱ ምልክቱን ለውጦ ይልከዋል። አድራሻው ላይ በእጁ የሚጽፍ ሰው ግን ራሱ መለወጥ አለበት።”

“በምን?”

ነስሩ የመደመሩን ምልክት አጠፋ። በቦታው የመቶኛ ምልክት፣ የሁለት ቁጥርንና ትልቁን የእንግሊዝኛ ቢ ጻፈ። አሥርና ሦስት መካከል %2B ተሰነቀረ። ተጫነ። ማርታ ከነሹሩባዋ መጣች።

ነስሩ ፈገግ ብሎ ቀና አለ። የምትደሰት መስሎት ነበር። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

“ይችን ስላልጻፉ ነው?” አለች። “ሐሰተኛ ብለው በሰው ፊት ያቆሙኝ፣ ሴቶቹ መርፌው ምን ነበር እያሉ የሚጠይቁኝ፣ ይችን ስላልጻፉ?”

“አዎ።”

“ቴን ፕላስ ስሪ የተማረው ስንት ሰው ነው?”

“ከኮሌጁ? የዚያን ጊዜ ተመራቂ በሙሉ ነዋ። ነርሱ፣ አዋላጁ፣ ላብራቶሪው።”

“ከእኔ በፊት የመጣ ሰው የለም?”

ነስሩ የኪቦርዱን ገመድ እያስተካከለ ቆየ። “ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ መጥቶ ነበር። ከጊምቢቹ። የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነው። የለህም አሉኝ አለ። በሳጥኑ ፈለግኩት፣ አገኘሁት። ይሠራል፣ እነሱ ቁጥር ተሳስተው ነው ብዬ ሸኘሁት።”

“ዳኘ።”

“ስሙን አላስታውስም።”

“ዳኘ ነው” አለች ማርታ። ከእሷ ጋር ነው የተመረቀው። ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ከተቀመጠ ደወል ቢደወል የማይሰማ። ጊምቢቹ ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ፣ በድንገት ደቡብ አፍሪካ ሄደ ሲባል ነው የሰማችው። ከሀዲያ የማይሄድ ወጣት ስለሌለ ለምን ብላ አልጠየቀችም። “ይሠራል አልከው። ተመልሶ ሄዶ ወረቀቱን አሳያቸው፤ ወረቀት ማንም ያትማል አሉት። አባረሩት። አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ኮምፒውተር ትጠግናለህ።”

“ሲስተር፣ እኔ…”

“ሱቅህን ዝጋ። ዱራሜ እንሄዳለን።”

ነስሩ አልተከራከራትም። ላፕቶፑን በቦርሳ ይዞ ተነሳ። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንጋጫን አልፈው ዱራሜ ደረሱ።

ጥበቃው ማርታን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። ነስሩ የኮሌጁ ሰው መሆኑን ሲናገር አስገባቸው። አቶ ኃይለመለኮት ቆመው ሰሙ፤ ከዚያ ተቀምጠው ሰሙ። ነስሩ በእሳቸው ላፕቶፕ፣ በእሳቸው ኔትወርክ፣ በዚያው አድራሻ አሳያቸው። መደመሩን ሲጽፍ የለም አለ። ቀይሮ ሲጽፍ ማርታ መጣች። ራሳቸው እንዲጽፉት አደረገ፤ ጻፉ፣ መጣች። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አዩ። 

“እንግዲህ” አሉ በመጨረሻ፣ “የሲስተም ችግር ነው ማለት ነው። ለበላይ አካል እናሳውቃለን። አንቺ ሥራሽን መጀመር ትችያለሽ። ለኃላፊሽ አሁኑኑ እደውላለሁ።”

“ሲያግዱኝ በስልክ ነበር?”

“ማለት?”

“ሠራተኛ ሰብስበው፣ ቆመው ነው ሐሰተኛ ያሉኝ። አሁንም ሰብስበው፣ ቆመው ይንገሩልኝ።”

“እህቴ፣ ነገር አታክብጂ። ስህተቱ የኮሚቴው አይደለም። የሲስተም ነው።”

“ሲስተሙ ሐሰተኛ አላለኝም” አለች ማርታ። ድምፅዋን አላነሳችም፤ የምትናገረው ጥርሷን ነክሳ ነበር። “ሲስተሙ ያለው አልተገኘችም ነው። ሐሰተኛ የሚለውን ከራስዎ ያወጡት እርስዎ ነዎት። እንደ እኔ ቴን ፕላስ ስሪ የሆኑት ሁሉ አንድ በአንድ ሲጠፉ፣ የዲግሪዎቹ ሁሉ ሲገኙ፣ ይሄ እንዴት ሆነ ብለው አንዴ እንኳ ወደ ኮሌጁ አልደወሉም። ስልኩ እኮ ያው ነው። አሁን ለኃላፊዬ ልደውል የሚሉበት።”

አቶ ኃይለመለኮት ወደ ነስሩ አዩ። ነስሩ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ማርታ ከቢሮው አልወጣችም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠች። ነስሩ አጠገቧ ሆኖ የዚያ ዘመን ተመራቂዎችን ስልክ ቁጥር ከሬጅስትራሯ እየተቀበለ ደወለላቸው። ከታገዱት መካከል ዱራሜና አካባቢዋ ያሉት መጡ። አንዷ ልጇን አዝላ ነው የመጣችው። አንዱ ከታገደ ጀምሮ ሞተር ሳይክል ላይ ሰው እያመላለሰ ይኖራል፤ ሄልሜቱን በእጁ ይዞ ቆመ። አንዷ ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ከዚያ እየመጡ ኮሪደሩን ሞሉት። ባለ ጉዳይ ለማለፍ ተቸገረ። ሲመሽ ሄደው ጠዋት ተመለሱ። አቶ ኃይለመለኮት ለሦስተኛ ጊዜ በመካከላቸው እየተሽሎከሎኩ ቢሯቸው ሲገቡ “እሺ” አሉ። “ስብሰባ እጠራለሁ።”

ጤና ጣቢያው ሲሰበሰብ ያው ሰው፣ ያው ወንበር ነበር። አቶ ኃይለመለኮት ቆመው ከወረቀት አነበቡ። “በቴክኒክ ምክንያት በተፈጠረ ክፍተት የአንዳንድ ባለሙያዎች ማስረጃ በወቅቱ ባለመገኘቱ የተወሰደው ጊዜያዊ እርምጃ ተነስቷል።” ስሟን አልጠሩም። ሊቀመጡ ሲሉ ማርታ ተነሳች።

“ክፍተት አይደለም” አለች። “እኔ እነግራችኋለሁ።” ነገረቻቸው። ስለ መደመር ምልክቱ፣ ማሽኑ እንዴት ባዶ ቦታ አድርጎ እንደሚያነበው፣ በምን ተለውጦ መጻፍ እንደነበረበት፣ ለማወቅ አንድ ስልክ መደወል ይበቃ እንደነበር። ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞረች። “ያን ቀን የሚያውቅ አለ ወይ ተብላችሁ ነበር። ዝም አላችሁ። ከእናንተ ጋር ሌሊት ሌሊት በሻማ ሠርቻለሁ። እኔ በማሽን ከመጥፋቴ በፊት እዚህ ነው የጠፋሁት።” የካርድ ክፍሏ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ማርታ አላባበለቻትም።

ሥራዋን ጀመረች። ቁልፉ ተመለሰላት። ፍሬው ያን ቀን ማታ “ይቅርታ” አላት፤ “እሺ” አለችው። ግን ለብዙ ቀናት ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች። ውቢት ሁለተኛ ልጇን ለመውለድ ዱራሜ ሄደች። ከወለደች በኋላ በደጇ ስታልፍ ሕፃኑን ቆማ አሳየቻት። ማርታ “ይደግልሽ” አለቻት፤ ሌላ አልጨመረችም።

የዳኘን ስልክ ያገኘችው በአንድ የክፍል ጓደኛቸው በኩል ነው። ሲያነሳ ከኋላው መኪና ይጮኻል። ብርድ ልብስ በትከሻው ተሸክሞ በየቤቱ እየዞረ እንደሚሸጥ ነገራት። የሆነውን በሙሉ ነገረችው።

“መደመሯ ናት?” አለ።

“አዎ።”

“ሌላ ነገር የለም?”

“የለም።”

የሳቀ መሰላት፤ ግን ሳቅ አልነበረም። “መጀመሪያ የመሰለኝ እኔ የሆነ ነገር አጥፍቼ ነው። ያልከፈልኩት፣ ያልፈረምኩት ነገር ያለ። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ መንገድ ላይ፣ ድንበር ባለፍንበት ኮንቴይነር ውስጥ ሁሉ።”

“ተመለስ። ሥራህን መጠየቅ ትችላለህ።”

“አይ ማርታ።” መኪናው ራቀ። “አባቴ ከቤቴ ውጣ አለኝ። ሌባ አላሳድርም አለኝ። ከፈለግሽ ለእሱ ንገሪው። እኔ አልደውልም።”

ቅዳሜ ዕለት ጊምቢቹ ሄደች። የዳኘ አባት አቶ ወልደኪዳን የሚኖሩት ከከተማው በእግር ወረድ ብሎ ነው። ቤታቸው በእንሰት ተከቧል። ማርታ ከምባታ ናት፤ ሀዲይኛ እስከ ሰላምታ ነው የምትችለው። ሽማግሌው ደግሞ አማርኛቸው በገበያና በቤተ ክርስቲያን የለመዱት ነው። በዚያው ተግባቡ። ደጃፉ ላይ አስቀመጧት። ማርታ ስንጥር አንስታ ምልክቱን አፈሩ ላይ ሣለችላቸው።

“ይች መስቀል አይደለች?” አሉ።

“መደመር ናት፣ አባባ። መሥሪያ ቤቱ ይችን በትክክል ስላልጻፋት ነው ዳኘ የጠፋው።”

ቀስ ብላ ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። ሲገባቸው ታየ።

“ልጄ አልዋሸም ማለት ነው።”

“አልዋሸም።”

“ማርያምን ብሎ ማለልኝ። እዚህ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት። ቢሰክር፣ ቢሰንፍ አላስወጣውም ነበር። መንግሥት ሌባ ነው ሲለኝ፣ መንግሥት በኮምፒውተር አይቶ ሲለኝ…” እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው መለሱት። “እኔ ኮምፒውተር አላውቅ። ልጄን ግን አውቀው ነበር።”

ማርታ ስልኳን አወጣች። “ልደውልልዎት።”

“ተይው። ምን ብዬ?”

“ያሉኝን ይበሉት።”

“አፌ አይችልም።”

ያኔ ያ ሁሉ ሰሞን ውስጧ ሲንተከተክ የነበረው ቁጣ በሽማግሌው ላይም ወጣ። “ውጣ ሲሉት ችሎ ነበር” አለቻቸው። ካለችው በኋላ ደነገጠች፤ አልመለሰችውም ግን። ቁጥሩን መታችና ስልኩን እጃቸው ላይ አስቀመጠች። ጠራ። ደጋግሞ ጠራ። ከወዲያ “ሃሎ፣ ማርታ?” የሚል ድምፅ ተሰማ። አቶ ወልደኪዳን ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ከዚያ በሀዲይኛ አንድ ነገር አሉ፤ ከመሀሉ የልጃቸውን ስም ብቻ ለየች።

ማርታ ተነስታ ወደ አጥሩ በር ሄደች። ቋንቋውን ባትሰማም መስማት አልፈለገችም። የእንሰቱን ቅጠል እያየች ቆማ፣ ገና ያላገኘቻቸውን የክፍል ጓደኞቿን በልቧ ታስብ ነበር። አንዷ አንጋጫ ትሆናለች። አንዱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው ስልኩን ሊመልሱላት ሲመጡ ፊታቸው ርሶ ነበር። እንድትበላ ለመኗት። መኪና እንዳያመልጠኝ ብላ እምቢ አለችና ወደ መንገዱ ወጣች።